ኮከብሽ ላይ ማርስ አልነበረም

ጃይፑር፣ የመብራት በዓላችን ዲዋሊ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው

ውድ አክስቴ ማይና፣

ይህን ደብዳቤ በቤት ሳይሆን በስፌት ትምህርት ቤትሽ አድራሻ ለምን እንደላክሁት አንቺን አይጠፋሽም። እናቴ የፖስታ ሽታ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆና ይደርሳታል። ቀስ ብላ ከፍታ፣ አንብባ፣ በሩዝ ሙጫ መልሳ አሽጋ፣ «ማይና፣ ደብዳቤ መጣልሽ መሰለኝ» የምትል ሴት ናት። ስለዚህ ተማሪዎችሽን ቁልፍ ትከሉ በያቸውና በሩን ዘግተሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ዙሪያ ጥምጥም ከሄድኩ ወኔዬ ይከዳኛል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከካልካታ ናቫልጋር ድረስ በመኪና ስንሄድ፣ መምህር ኬሳርዴቭ ሊያገቡሽ ተዘጋጅተው ነበር። ያ ጋብቻ የቀረው ቤተ ዘመድ ሁሉ እንደሚያወራው በኮከብሽ አይደለም። ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ በዚህች በምታውቂያት አፌ።

እስካለፈው ወር ድረስ ይህን አታውቂም ብዬ አምን ነበር። አሁን ግን አንቺኑ እጠረጥርሻለሁ። የምጠረጥርበትን እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ኃጢአቴን ልጨርስ።

አባቴ መኪናውን እዚያው ቅርብ ካለችው ባርድማን አሳልፎ ነድቶ የማያውቅ ሰው እንደነበረ ታስታውሻለሽ። ያ ሰው ድንገት አንድ ቀን ራት ላይ «ናቫልጋር በመኪና እንሄዳለን፤ ለዘራችን አምላክ የተሳልነው ስለት አለብን» አለ። ማን ነው የተሳለው? አባቴን ብጠይቀው «ለጉልበቴ ነው» አለኝ። እናቴን ብጠይቃት «ለፈተናሽ ነው» አለችኝ። አንድ ስለት፣ ሁለት ምክንያት! ባቡር እያለ ሦስት ቀን ሙሉ በመኪና! እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ወተት ሲገነፍል እንኳ ማን አዞት ነው የምል ፍጥረት ነኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት እናቴ ደረቴንና ክንዴን በክር ለክታኝ ነበር።

«ምን ልታሰፊልኝ ነው?» ስላት፣

«ምንም። መወፈርሽን ላይ ብዬ ነው» አለችኝ።

ሻንጣ ስንጭን ደግሞ በፎጣ ተጠቅልሎ የተደበቀ የሽንኩርት ልጣጭ ቀለም ያለው የሐር ሳሪ አየሁ፤ ከነሸሚዙ፣ ልክ በእኔ ቁመና የተሰፋ። በቃ፣ ገባኝ አልኩ። ጓደኛዬን ሹብራን ቤተሰቦቿ «ነብር እናሳይሽ» ብለው መካነ አራዊት ወስደው አሳጭተው ነበር የመለሷት። «ነብሩን አየሽው?» ስላት «አዎ፣ ጢም አለው፤ ብረታ ብረት ይነግዳል» ነበር ያለችኝ። የእኔ ነብር ናቫልጋር ተቀምጦ ይጠብቀኛል ማለት ነው። የሕግ ትምህርቴ ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር።

የአንቺና የእኔ ሰውነት አንድ ልክ መሆኑን፣ ክሩ አንቺን ቢለካሽ ምስጢሩ እንደሚፈነዳ ያን ጊዜ ማን ይንገረኝ? ስለ አንቺ ጭራሽ አላሰብኩም። እውነቱ ይህ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ባልሽን ታይፎይድ ወስዶብሽ ወደ ወንድምሽ ቤት የተመለስሽ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የመበለት ነጭ የለበስሽ፣ ሙሽራ ስትሸኝ ገዷ እንዳይበላሽ ተብሎ ከበር ጀርባ የምትቆሚ ሴት ነበርሽ። ለእኔ እንደ ቤቱ ምሰሶ ነበርሽ። ምሰሶ ይዳራል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

መንገዱን ታስታውሺዋለሽ መቼም። እኔና አንቺ ከኋላ፣ በጨውና በቅመም የዘፈዘፍሽው የማንጎ አቻር ገንቦ በእግራችን መካከል፣ እናቴ ከፊት ሆና በየደቂቃው «ቀስ በል!» ትላለች። የበሬ ጋሪ ሲቀድመን ሳቅሁ።

«ይቅደም፤ በሬው ቤተሰብ አልጫነም» አለ አባቴ።

ሳሳራም ላይ ድንች የተጠቀጠቀበት ቂጣ ልንበላ ወርደን፣ እናንተ የገመድ አልጋው ላይ ስትቀመጡ አባቴ ወደ ስልክ ቤቱ ገባ። ተከተልኩት። የቆርቆሮውን ግድግዳ ተደግፌ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«አዎ፣ እሁድ እንደርሳለን» ይላል እየጮኸ። «ስንዴ መልክ ናት… እጇ ወርቅ ነው… ኧረ በጭራሽ! ድምፅዋ እንኳ አይሰማም። ቤት ውስጥ መኖሯን የምታውቀው በምትሠራው ምግብ ነው።»

ድምፅዋ አይሰማም! ስለ እኔ! ሩዝ ሳፈላ ጎረቤት ውሃ ይዞ የሚሮጥብኝ ሴት እጇ ወርቅ! ያን ጊዜ መጠርጠር የነበረብኝ የራሴን ብልጠት ነበር። እኔ ግን «አባቴ ዕቃው እንዲሸጥለት መዋሸት ጀመረ» ብዬ ደመደምኩ። ሲወጣ ከበሩ ላይ ጠበቅሁት።

«ከማን ጋር ነው?»

«ከጎማ ሻጭ ጋር።»

«ጎማው ስንዴ መልክ ነው?»

አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ቪኑ፣ ቂጣሽ ይቀዘቅዛል» አለኝ።

ቫራናሲ ላይ እናቴ ጋንጋ ወንዝ ውስጥ እስከ ወገቧ ቆማ ስትጸልይ ፀሐይ ወጥታ ከፍ አለች። «ስለ ማን ነው ይሄ ሁሉ?» ስላት «ስለ አፍሽ» አለችኝ። አግራ ስንደርስ ደግሞ ታጅ ማሃልን እንይ ብዬ ለመንኩ።

«ይቅርብን፤ መቃብር ለዚህ ጉዞ ገዱ ጥሩ አይደለም» አለች።

«ለየትኛው ጉዞ?»

«ለመንገድ ነዋ! ምን ታፋጥጪኛለሽ?»

የአግራው ጠዋት ደግሞ ጨረሰኝ። ታጥቤ ስወጣ አንቺ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ታለቅሻለሽ፤ እናቴ እጅሽን ይዛለች፤ የሐሩ ሳሪ በመካከላችሁ ተዘርግቷል። አንቺ ዓይንሽን ጠርገሽ፣ «ቪኑዬ፣ አትቆጪያቸው። ለመልካም ብለው ነው» አልሽኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረሽ፣ «እትዬ፣ ይሄን ቀለም እኔ አልችለውም። ቪኑ ትልበሰው» አልሽ።

እናቴ በንዴት ሳሪውን ወረወረችልኝ። እኔ ለመለያየታችን ያለቀስሽ መስሎኝ አዘንኩ። ሳዝን ደግሞ ክፉ እሆናለሁ። ከአግራ ጃይፑር፣ ከጃይፑር ናቫልጋር ድረስ መስኮት ላይ ተጣብቄ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህን ሰው እንዴት ላባርረው?

እሁድ ስለቱን አስገባን። የምር ስለት ነበር፤ ኮኮናት ተሰበረ፣ ደወል ተደወለ። ከዚያ አባቴ እንደ ዋዛ፣ «እዚህ አንድ የድሮ ወዳጅ ቤት ሻይ ጠጥተን እንሂድ» አለ። ሁለት ኪሎ ጣፋጭ ተሸክሞ ነው እንግዲህ እንደ ዋዛ!

መምህር ኬሳርዴቭ ሲገቡ መጀመሪያ ያየሁት የጆሮ ግንዳቸውን ሽበት ነው። አርባ ስድስት ዓመት! እሁድ ቀን እንኳ እጅጌያቸው ላይ ጠመኔ አለ። አባቴ አብዷል አልኩ። እናታቸው፣ ያቺ ቀጭን አሮጊት፣ እኔን ከሽንኩርት ቀለሙ ሳሪዬ ጋር ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ወዲያው አንቺን አየችሽ። እኔ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የቆጠርኩት።

አሁን ሳስበው አንድ ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። መምህሩ አባቴን ሳይሆን አንቺን ነበር ያነጋገሩት።

«በሶን ወንዝ ድልድይ ነው የመጣችሁት? እንዴት ነበር?»

አንቺ ቀና አልሽ። በእንግዳ ሰው ፊት ቀና ስትዪ አይቼሽ አላውቅም። «ረጅም ነው» አልሽ። «ውሃ ግን የለውም። ይሄ ሁሉ ድልድይ ለምንድን ነው ብዬ ገረመኝ።»

«ክረምት ላይ ቢመጡ ይገባዎት ነበር» አሉሽ እየሳቁ። አንቺም ሳቅሽ፤ ወዲያው ግን አፍሽን በሳሪሽ ጫፍ ሸፈንሽው። እኔ የዚያን ጊዜ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ ነበር። አይቼው አላየሁትም።

ከዚያ ወንዶቹ የግቢውን የግድግዳ ሥዕል ሊያዩ ወጡ፤ እናቴም ጣፋጩን ልታመጣ ወደ መኪናው ሄደች። እኔ ባዶ ብርጭቆዎቹን ይዤ አሮጊቷን ተከትዬ ማድ ቤት ገባሁ። እዚያ የነሐስ ሳህን ላይ የመተጫጫው ኮኮናት ተቀምጧል። ታጥቧል፣ ቀይ ዱቄት ተቀብቷል፣ አንድ የብር ሳንቲም ከጎኑ አለ። ያ ኮኮናት ጭኔ ላይ ካረፈ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት የአባቴን ጥምጥም ከነክብሩ መንገድ ላይ መጣል ነው። ልቤ ዘለለ። አፌ ቀደመው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ቤተሰቤ ደብቋችኋል እንጂ እኛ ቤት ሴቶቹ ሁሉ ኮከባችን ላይ ማርስ አለ።»

አሮጊቷ እጇ ቆመ። ማርስ የተቀመጠባት ሴት ገፊ ናት፤ ያገባትን ትበላለች ብለው እንደሚያምኑ አውቃለሁ። በእኛ ዕድሜ ያለን ልጆች የምንስቅበት ነገር ነው። ለዚያ ነው የመረጥኩት።

«ማርስ?» አለች።

«አዎ። አክስቴን አላዩዋትም? ባሏን በሁለት ዓመቱ ነው የጨረሰችው። እኔም የሷው ነኝ።»

ማስረጃ አድርጌ አቀረብኩሽ፣ ማይና። እንደ ሕግ ተማሪ። ሃያ ሁለት ዓመት የለበስሽውን ነጭ አንስቼ ለራሴ ጋሻ አደረግሁት።

አሮጊቷ ሳህኑን አየችው። ከዚያ፣ «ልጄ አንድ ሚስቱን ሞታበት ለእሳት ሰጥቷል። አሁን ደግሞ እሱን ለእሳት ልስጥ?» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለኮኮናቱ። አንስታ የብረት ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባችው። ሳህኑ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። እፎይ! አልኩ በሆዴ።

ቁልፉን እያዞረች እንዲህ አለችኝ፦ «ለአክስትሽ ብዬ ነበር ከትናንት ጀምሮ አጥቤ ያስቀመጥኩት። ዓይኗን ወድጄላት ነበር።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ይቅር በይኝ የምልሽ። የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ልጅ ነበርኩ፣ ፈራሁ። ሁለተኛው ግን ስህተት አይደለም። «እማማ፣ ውሸቴን ነው» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል። አሮጊቷ እፊቴ ቆማለች፣ ቁልፉ ገና እጇ ላይ ነው፣ አንቺ ከግድግዳው ወዲያ እጅሽን አጣምረሽ ተቀምጠሻል። እኔ፣ ወፍ ሲያስነጥሰው አስተያየት የምሰጥ ሴት፣ ዝም አልኩ። ውሸታም ከምባል አንቺ ገፊ ብትባዪ መረጥኩ።

የቀረውን አይተሻል። ሻይ እንደገና አልተቀዳም። አሮጊቷ ራሷን አመማት። አባቴ በር ላይ «ምን አጠፋን?» ሲል «ኮከቡ አልገጠመም» ተባለ። ስንመለስ ጃይፑር ነዳጅ ስንቀዳ አባቴ ለእናቴ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ከበር ጀርባ አቆምናት። አንድ ጊዜ ከፊት ላስቀምጣት ብዬ ነበር» ሲላት ሰማሁት። አንቺም ሰምተሻል፤ መስኮቱ ክፍት ነበር። «ወንድሜ፣ ኮከቤን እኔ አውቀዋለሁ፤ አትዘን» አልሽው። እሱ ቤንዚን ቀጂውን ያለ ምክንያት ተቆጣው።

ካንፑር አካባቢ የጸጉር ዘይትሽን አውጥተሽ ራሴን ማሸት ጀመርሽ። «ያ ሁሉ ወሬ የት ገባ? ሁለት ቀን ሙሉ ድምፅሽ ጠፋ» አልሽኝ። በደግነት ነው ያልሽው። ወይስ? አሥራ አንድ ዓመት ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ጣቶችሽ ቀስ ያሉ ነበሩ። እጆችሽ ቢያውቁ እንደዚያ ቀስ አይሉም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ።

ባለፈው ወር የባሌ የአጎት ልጅ ሠርግ ላይ ሳህኔን ይዤ ስዞር አንድ ነጭ ጸጉር ያላቸው ሰው ከፊቴ ቆሙ።

«አንቺ ማርስን ከካልካታ ጭነሽ ያመጣሽው ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አሉኝ።

ሳህኔ እጄ ላይ ዘመመ። መምህር ኬሳርዴቭ ቀና አደረጉልኝ። ማምለጫ አልነበረኝም፤ ከኋላዬ ሠላሳ የባሌ አክስቶች አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ… ያውቁ ነበር?»

«እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አንድ ነገር የት እንዳለ በዓይኔ ሳላይ አላምንም። አባትሽ የአክስትሽን የኮከብ ወረቀት ለእናቴ ትቶላት ነበር፤ ሁለት ኮከብ ቆጣሪ ጋ ወሰድኩት። ማርስ የለም። ልብሷ ውስጥ እንኳ ቢፈለግ የለም።»

«ታዲያ ለምን…»

«ለምን ዝም አልኩ? አላልኩም። እናቴን አሳመንኩና ለአክስትሽ ለራሷ ጽፌ በእህቴ እጅ ላኩላት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ፈቃድሽ ከሆነ እንደገና እንመጣለን አልኳት። ሁለት መስመር መለሰችልኝ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «‹የልጅቷ ስም እንዳይነሳ አደራ። እኔ ባለሁበት ደህና ነኝ።› አደራ ካለች ምን አደርጋለሁ? ይኸው አላነሳሁትም።»

ማይና፣ እዚያው ሠርጉ መካከል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የባሌ አክስቶች አርግዣለሁ ብለው አወሩ፤ እስካሁንም ይጠባበቃሉ።

ከጉዞው በኋላ የመጣውን ክረምት አስታወስኩት። ፖስታ ቤት ልከሽኝ የመልስ መጻፊያ ያስገዛሽኝ ያኔ ነው። ያ ክረምት ደግሞ የጃይፑር ሰዎች፣ የዛሬዎቹ አማቶቼ፣ እኔን ሊያዩ የሚመጡበት ነበር። መምህሩ ለባሌ ቤተሰብ ዘመድ እንደሆኑ አንቺ ታውቂ ነበር። የአንቺ ጉዳይ እንደገና ቢነሳ መጀመሪያ ለምን እንደፈረሰ ይጠየቃል፤ ሲጠየቅ ደግሞ ስሜ ይወጣል። «ያቺ ገና ሳትገባ ቤት የምታፈርስ» ብለው በር ይዘጉብኛል። እኔ ከባሌ ጋር በፍቅር መጻጻፍ መጀመሬን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ላንቺ።

እንግዲህ የምጠረጥረው ይህን ነው፤ ለእኔ ብለሽ ነው እምቢ ያልሽው። ደግሞ ሌሊትና ቀን ስፈትለው ሌላ ይመጣብኛል። ምናልባት ሰውየውን አልወደድሽውም። ምናልባት የስፌት ትምህርት ቤቱን ልትከፍቺ አስበሽ ነበር። ምናልባት ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የሌላ ሰው ማድ ቤት መግባት አስጠልቶሽ ነበር፤ እኔ ደግሞ ዓለም ሁሉ በእኔ ዙሪያ እንደምትዞር አሁንም አስባለሁ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ደምድሜ መናገር ምን እንደሚያመጣ ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዕድሜዬ ሳልደመድም እጠይቅሻለሁ።

ለአባቴ ትናንት በስልክ ነገርኩት። ስለ መምህሩ መልስ አይደለም፤ ስለ ማርሱ ብቻ። ከዚያ «ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ» አለና ዘጋው። ልጄ ሆይ አላለኝም። ይገባኛል። ቢያንስ ከአሁን በኋላ በዚያ ቤት ኮከብሽን የሚያነሳ አይኖርም።

መምህሩ እስካሁን ዳግመኛ አላገቡም። አሮጊቷ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው። ከዲዋሊ በኋላ ባለው ሳምንት ከካልካታ ወንዝ ማዶ ሃውራ፣ እህታቸው ቤት ይሆናሉ። ስንለያይ እንደ ተማሪ እየተሽኮረመሙ፣ «አክስትሽን መጥቼ ሰላም ብላት ቅር ይላት ይሆን?» አሉኝ።

ምን ልል እንደነበር ታውቂያለሽ። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ «ኧረ ደስ ይላታል!» ሊል። ዘጋሁት። «በእሷ ፈንታ መልስ መስጠት ትቻለሁ፤ እሷን ልጠይቅ» አልኳቸው።

ይኸው ጠየቅሁሽ። ማብራሪያ አልፈልግም፤ ይቅርታሽንም ዛሬ አልለምንም። በፖስታ ካርድ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ። ይምጡ ካልሽ «ይምጡ ብላለች» እላቸዋለሁ። አይምጡ ካልሽ «አይምጡ ብላለች» እላቸዋለሁ። ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም።

ቪኑሽ